የግራው ድምፅ

የስልክ ጠጋኞች በተደረደሩበት መንገድ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል። ካውያቸው ሲግል፣ ሊዱ ሲቀልጥ፣ በሊዱ ውስጥ ያለው የጥድ ሙጫ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዕጣን ዕጣን የሚል ነገር አለው፤ ግን ከዕጣን መረር ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። በዚያ ላይ የጋለ አቧራ ሽታ ከተጨመረበት አለቀልኝ። ለዓመታት ያልተከፈተ ዕቃ ክዳኑ ሲነሳ የሚመጣው ሽታ ማለቴ ነው። ስልኬን ይዤ ወረፋ ብጠብቅም ያለሁት ሌላ ቦታ ነው። አባባ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ጠረጴዛው ላይ አምፕሊፋየራችን ክዳኑ ተነስቶ ተጋድሟል። ሁለታችንም አንተነፍስም።

አምፕሊፋየሩን የገዛው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የዕቁብ ዕጣ ደርሶት ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት የቀሩት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። እማዬ በዚያ ገንዘብ የጣሪያው ቆርቆሮ እንዲለወጥ ፈልጋ ነበር። እውነቷንም ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሎናችን መሀል ባልዲ እናስቀምጥ ነበር። ነገር ግን በቁም ሣጥኑ ታችኛ መሳቢያ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው የተቀመጡ ሸክላዎች ነበሩት። በወጣትነቱ ከደመወዙ እየቀነሰ የገዛቸው፣ ከአብዮቱም፣ ከሰዓት እላፊውም፣ ቤት ከመቀያየሩም የተረፉ ናቸው። ማጫወቻው ነበረ፤ ድምፁን የሚያወጣለት ዕቃ ግን ከጠፋ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። አባባ አንዳንዴ ሸክላዎቹን አውጥቶ አቧራቸውን በለስላሳ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ስማቸውን ያነባል፣ መልሶ ይጠቀልላቸዋል። እማዬ ይህን ታይ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ስለ ቆርቆሮው ሁለተኛ አላነሳችም።

ከሸክላዎቹ የሚበዙት አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብቱ በአገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት በ1961 ዓ.ም ተነስቶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በ1967 ዓ.ም አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አውጥቷል። አባባ ይህን ሲተርክ ድምፁ ይለወጥ ነበር። የአንድ ትውልድ ዘፈን የተረፈው አንድ ሰው ደፍሮ ስለጀመረ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እኔም እንደዚያው አምናለሁ።

አምፕሊፋየሩን የሸጠልን ሰው ሱቁ ፒያሳ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ ሱቁንም እንዲህ ነው ብዬ አልጠቁምም። ሰፈሩን ግን መናገር እችላለሁ፤ ዛሬ ብፈልገው የማላገኘው ሰፈር ነውና። በ2016 ዓ.ም ለኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም ሲነሳ፣ አንድ ቀን ሄጄ ቆሜ አየሁት። በየትኛው በር ገብተን በየትኛው እንደወጣን ለመገመት ብሞክርም አቅጣጫው ጠፋብኝ። ያኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እደርስ ነበር። ከታክሲው ወርደን ሽቅብ፤ ወርቅ ቤቶቹን አልፈን፤ ከየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ሦስት ዘፈን በአንድ ላይ እየተቀላቀለ ይወጣል። ባዶ ካሴት ይዘው ዘፈን የሚያስቀዱ ወጣቶች ደጅ ይጠብቃሉ። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ እንገናኝ ተባብለው የቆሙ ጥንዶችም ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ወደ ሻጩ ሱቅ ሲገባ ጸጥታ ይሆናል። ወለሉ የተወለወለ ነው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ዕቃዎቹ በአረንጓዴና በብርቱካናማ መብራት ያበራሉ። ከገንዘብ መቀበያው በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ዕቃው የጃፓን ሥሪት ነው። ከጅዳ የመጣ፣ ካርቶኑ ላይ የዓረብኛ ወረቀት የተለጠፈበት። ፊቱ ብርማ ነው፤ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ከአሉሚኒየም የተቆረጠ፣ ከበድ የሚል፣ ሲያዞሩት እጅ ላይ የሚለሰልስ። ሁለት መርፌዎች አሉት፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፤ ዘፈኑ ሲያይል በብጫ ብርሃን ላይ ይዘላሉ። ሻጩ የአባባን ትከሻ ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው» አለው። አባባ ይህን ቃል ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ማታ ለእማዬም ነገራት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደንብ አስታውሳቸዋለሁ። ማብሪያው ሲጫን ወዲያው ድምፅ አይመጣም። ጥቂት ሰከንድ ዝም ይልና ከውስጡ «ጠቅ» ይላል፤ ያን ጊዜ ስፒከሮቹ ነፍስ ይዘራሉ። ያን «ጠቅ» ወደድኩት። የአስናቀች ወርቁን ክራር ከዚያ በፊት በትንሽዬ ቴፕ ነበር የምሰማው። በአምፕሊፋየሩ ስሰማው ጅማቱን የነካው ጣት ተለይቶ ይሰማል፣ ጅማቱ ከተነካ በኋላ የሚቀረው እርግብግብታ ይሰማል፣ ዘፋኟ ከስንኝ ስንኝ ስትሻገር የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር። የተማሪዎቹን ፈተና ሲያርም እንኳ ሸክላው ሲያልቅ ብዕሩን አስቀምጦ ይነሳል፣ ይገለብጣል፣ መርፌውን በሁለት ጣቱ አንስቶ ያስቀምጣል። የጎረቤት ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ማለት ጀመሩ። እማዬ ቡናውን ሳሎን አመጣችው። እንደዚያ ያለ ሙሉ ቤት ከዚያ በፊት አልነበረንም።

የተበላሸው ለፋሲካ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ አጎቶቼ ይጨፍራሉ፣ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ከግራው ስፒከር የሚንጫጫ ነገር ተሰማ። ከዚያ የግራው ድምፅ እየሳሳ እየሳሳ ሄደ፣ መርፌው ወደ ጥጉ ተኛ። ከዚያ «ጠቅ» አለና ሁለቱም ጸጥ አሉ። አንድ አጎቴ በእጁ ክዳኑን ነክቶ «ይፈላል!» አለ።

አባባ በጋቢ ጠቅልሎት በታክሲ ወሰድነው። ሻጩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበለን።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ። አንተ ልጅ፣ ለጋሼ ማኪያቶ እዘዝላቸው፣ ለዚህም ለስላሳ።»

«ለበዓሉ ዕለት ዝም አለብን» አለ አባባ።

«ውይ! በበዓል! በሉ ይተዉልኝ። ቅዳሜ ብቅ ይበሉ።»

«ምን ሆኖ ይሆን?»

«ትንሽ ነገር ናት ጋሼ፤ አያስቡ።»

ቅዳሜ ስንመለስ ዕቃው ይሠራል። ሻጩ እኛ ፊት ካሴት ከተተ፣ ለስለስ ያለ ዘፈን ነበር፤ መርፌዎቹ ሁለቱም ይዘላሉ። «ይኸው» አለ። ገንዘብም አልጠየቀንም። አባባ አመስግኖት ወጣ። ምን እንደተበላሸ ግን አልነገረንም፤ ምን እንደተለወጠም አላወቅንም። ቤት ገብቶ ለሳምንታት በደህና ሠራ። ከዚያ የእህቴ ልደት ዕለት፣ ያው የግራው ድምፅ፣ ያው መንጫጫት፣ ያው «ጠቅ»።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አልቆጠርንም፤ የታክሲው ረዳት ግን «መምህር፣ ዛሬም ሬዲዮኑን?» ይል ነበር። ሻጩ በመጣን ቁጥር የሚሰጠን ምክንያት ይለያያል። አንድ ጊዜ መብራቱ ነው፤ በናንተ ሰፈር ይዋዥቃል አለ። አባባ ከራሱ ከሻጩ ስታቢላይዘር ገዛ። ሌላ ጊዜ ስፒከሮቹ ናቸው፣ ለዚህ ዕቃ አይመጥኑም አለ። አባባ ከስፒከሮቹ ጀርባ የተጻፈውን 8 ኦም እያሳየ ሊከራከር ጀምሮ ተወው። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ እያየ፣ «ጎረምሶቹ ድምፅ አብዝተውበት ነው» አለ። አባባ ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ምንም አልተናገረኝም። ቤት ስንደርስ ግን የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ፣ ከዚህ አይለፍ ብሎ፣ በነጭ ቀለም ነጥብ አደረገበት። ያ ነጥብ እስከ ዛሬ አለ።

የዚያ ነጥብ ነገር እስከ አሁን ያንገበግበኛል። ዘፈን መስማት እንዳቃተን ያሳወቀኝ እሱ ነው። ክራሩ ሲጀምር ጣቶቹን መስማት ትቼ የግራውን ስፒከር አዳምጣለሁ። ሳሳ ወይስ መሰለኝ? ያ ኮሽታ ከሸክላው ነው ወይስ ከውስጥ? አባባ ዓይኑን መጨፈን ተወ፤ ዓይኑ ከመርፌዎቹ አይነቀልም። እንግዳ ሲመጣ እማዬ «ቀንሱት፣ ቀንሱት» ትላለች። በግጥሙ መሀል ሳይቀር ጆሯችን ብልሽቱን ይጠብቃል። የተበላሸ ዕቃ አንድ ቀን ሞቶ ቢያርፍ ሰው ተላቅሶ ይተወዋል። ይህ ግን እየሞተ እየተነሳ መታመንን አሳጣን፤ ደህና በሆነባቸው ሳምንታት እንኳ ደስታውን በልቶብናል። ሻጩ ካጎደለብን ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፣ በደረሰኝም በገንዘብም የሚመለስ አይደለም።

ሰው «ለምን ገንዘባችሁን አልጠየቃችሁም?» ይለኛል። ጎረቤታችን ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር፤ እሱም ያኔ ይህንኑ ብሏል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከጉድለት ነፃ ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል፤ 2287ኛው ቁጥር ላይ አለ፣ አይመለስም ብሎ ወረቀት መለጠፍ ብቻውን ነፃ አያወጣውም አለው። ገዢም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ አንተ አስታውቀሃል። አባባ በጥሞና ሰማው፣ ቁጥሩንም በማስታወሻው ጻፈው። ከዚያ «ማኪያቶ የሚያጠጣኝን ሰው እንዴት ብዬ ልክሰሰው?» አለ።

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ሰውየው አልሰደበንም፣ አላመናጨቀንም፣ በር አልዘጋብንም። አባባን ብድግ ብሎ ይቀበለዋል፣ ስለ ጤናው ይጠይቃል፣ የእማዬ እናት ሲሞቱ ለቅሶ ደርሷል። ይሉኝታ ያለበት ሰው እንዲህ ባለ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ ማድረግ አይችልም። ሻጩ ይህን አውቆ ያደርገው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ተፈጥሮው ይሆናል። ነገር ግን ማኪያቶው በመጣ ቁጥር የአባባ ጥያቄ አብሮ ይዋጥ ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ስኒው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ያመሰግናል፤ ጥያቄው እዚያው ይቀራል። ክፉ ሻጭ ቢገጥመን ኖሮ በሁለተኛው ወር ገንዘባችንን ወይ ጠባችንን ይዘን እንወጣ ነበር።

በኋላ ዘመን ሕጉ ይበልጥ ተብራርቷል። የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 በ2002 ዓ.ም ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ 813 ተተካ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጥሩ ነው፤ ስንቱን ሰው ጠቅሟል። የኛ ዕቃ ግን 15 ቀን ሙሉ ያላንዳች እንከን ይዘፍን ነበር። የሚደበቅ ብልሽት በቀን ቆጠራ አይያዝም። እንዲህ ላለው የሚያስፈልገው ክዳኑን የከፈተው ሰው አፍ ነው፤ ያየውን የሚናገር።

እንዲህ ያለውን ሰው ያገኘነው መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ ጀርባ ነው። ድሮ በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ክፍል ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ወደ እሳቸው የላከን ያ የታክሲ ረዳት ነው፤ ሳይሰለቸን እሱ ሰልችቶት ነበር። ሽማግሌው ገና ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። መቼ ነው የሚጠፋው? ስንት ሰዓት ከሠራ በኋላ? ድምፁ ከፍ ሲል ነው ወይስ ዝግ ብሎም? መጀመሪያ የቱ ጎን? ሻጩ ከነዚህ አንዱንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። አባባ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ መለሰ፤ እኔም አገዝኩት።

ከዚያ ያደረጉትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ዕቃውን በቀጥታ ከሶኬቱ አልሰኩትም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ 100 ዋት አምፖል አለ፤ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ በኩል አልፎ ነው ወደ ዕቃው የሚገባው። «ውስጡ ተቃጥሎ ከተያያዘ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ዕቃው ሌላ ጉዳት አይደርስበትም» አሉን። ማብሪያውን ሲጫኑ አምፖሉ ቦግ አለ። ቦግ እንዳለም ቀረ። ወደ አባባ ዞረው «አዩ?» አሉት። አባባ አየ። ለዚያን ያህል ወራት የጠየቀውን በአንድ አምፖል አየው።

ክዳኑን አነሱት። በወፍራሙ የሙቀት መበተኛ አሉሚኒየም ላይ የተጣበቀ፣ ከመዳፍ ያነሰ ጥቁር ጠፍጣፋ ዕቃ አሳዩን፤ አይሲ ይሉታል፣ ኤስቲኬ። የጃፓኑ ሳንዮ ይሠራው የነበረ፣ የግራውንም የቀኙንም ኃይል በአንድ ላይ የያዘ፣ 18 እግር ያለው ነው። ሊዱን እግር በእግር እያቀለጡ መጠጡት፤ ያ ጭስ ሱቁን ሞላው። ብሎኖቹን ፈትተው ሲያላቅቁት ከጀርባው ሙቀት እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ረገፈ። ከዚያ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በመብራት አዩት። 4191 ይላል። ከመሳቢያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አወጡ፣ ጥጥ ነከሩ፣ ቁጥሩን አሹት። ጥጡ ነጭ ቀለም ይዞ ተነሳ። ቁጥሩ ጠፋ። ከሥሩ፣ ሊጠፋ ተፍቆ ያልጠፋ ሌላ ቁጥር ወጣ፤ 4141።

«ይሄ ልጅ 25 ዋት ነው» አሉ ጣታቸውን አስቀምጠውበት። «ዕቃችሁ የተሠራው ለ50 ነው። እግራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚያው ቀዳዳ ይገባል። ዝግ ብላችሁ ስትሰሙ ይችላል። ሰው ሲሰበሰብ፣ ድምፅ ሲጨመር፣ ሰዓት ሲቆይ ግን ይነዳል። ያስገቡላችሁ ሁሌም ይህንኑ ይመስለኛል።»

ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲሞከር ምንጊዜም የሚሠራው ለዚህ ነበር። በበዓል ምንጊዜም የሚሞተው ለዚህ ነበር። የመብራት ነገር አልነበረም፣ ስፒከሩም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ይቸግረኛል። አባባ ምንም ሳይል እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

ሽማግሌው ትክክለኛውን አይሲ ከሞተ የጃፓን ሙዚቃ ማጫወቻ ውስጥ ነቅለው አስገቡልን፤ ቅባቱን አዲስ ቀቡ፤ ብሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ አጠበቁ። በአምፖሉ በኩል አበሩት፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ደበዘዘ። ቴስተራቸውን ከስፒከሩ መውጫ ላይ አድርገው፣ ዘፈን ሳይኖር፣ ዜሮ አጠገብ የቆመውን ንባብ አሳዩን። ከዚያ ነው ያን «ጠቅ» የሰማነው።

አባባ የተነቀለውን አይሲ በመሐረብ ጠቅልሎ በማግሥቱ ፒያሳ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ማኪያቶው ታዘዘ፤ አባባ «ዛሬ ይቅርብኝ» አለ። መሐረቡን መስታወቱ ላይ ፈታው።

«ይህ ከዕቃው ውስጥ የወጣ ነው። ያስገባኸው አንተ ነህ፣ ሠራተኛህ ነው?»

ሻጩ አገላብጦ አየው። ፊቱ አልተለወጠም። «ገበያ ላይ ያለው ይኸው ነው ጋሼ። ለኔም 4191 ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«ይሆናል። እሱኑ ጻፍልኝ።»

«ምኑን?»

«የተበላሸው ምን እንደነበረ። ያስገባችሁት ምን እንደነበረ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ በጽሑፍ ስጠኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ሻጩ መሳቢያውን ከፍቶ ገንዘብ አወጣ። አባባ ራሱን ነቀነቀ። ሻጩ ከመደርደሪያው አዲስ ማጫወቻ አንስቶ «ይህን ይውሰዱ፣ ልዩነቱን ይተዉት» አለ። አባባ እንደገና ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ጻፍልኝ አልኩህ እኮ።» ሻጩ ብዕር እጁ ላይ ነበረ። አልጻፈም። ገንዘቡን ለመክፈል አንድም አላቅማማም፤ ሁለት መስመር መጻፍ ግን አቃተው። አባባ መሐረቡን አጣጥፎ ወጣ፤ ወደዚያ ሱቅም አልተመለሰም።

ሻጩ ተታሎ ገዝቶት ሊሆን ይችላል የሚሉኝን እሰማቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ እኔም አምንለታለሁ። የተፋቀ ቁጥር ሻጭንም ያታልላል፤ ይህ የሐሰት አይሲ ገበያ ከኛ አገር ሰፊ ነው። ነገር ግን ያው ዕቃ በዚያው ቦታ ደጋግሞ ሲቃጠል አይቷል። ክዳኑን የከፈተው እሱ ወይ ሠራተኛው ነው። እያየ ለመምህሩ መብራት ነው አለው፣ ስፒከር ነው አለው፣ ልጁን ጥፋተኛ አደረገበት። ይህን አልረሳለትም።

አሁን ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የአምሃ ሸክላዎችም፣ የአስናቀችም ክራር፣ በጣት ነክቶ ወዲያው ይሰማል። ልጆቼ በአንዲት ትንሽዬ ስፒከር ይሰሙታል፤ ስትበላሽ ትጣላለች፤ ለምን እንደተበላሸች የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠይቅም የምትከፈት አይደለችም። ምቾቱን አልጠላሁትም። ነገር ግን ዕቃ የሚከፍት ሰው ሲያንስ፣ ያየውን የሚናገር ሰውም አብሮ ያንሳል ብዬ እሰጋለሁ። ጠያቂ የሌለው ሻጭ ማኪያቶም አያስፈልገውም።

የኛ አምፕሊፋየር ከአባባ ወደ እኔ ተላልፎ ዛሬም ይሠራል። ክዳኑ ከውስጥ በኩል የተጻፈበት ነው። ሽማግሌው ያን ዕለት ክዳኑን ከመዝጋታቸው በፊት በብዕር ቀኑን፣ የወጣውን ቁጥር፣ የገባውን ቁጥር፣ ከምን ዕቃ እንደተነቀለ፣ ቴስተሩ ላይ የታየውን ንባብ ጽፈው ፈርመውበታል፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከሥሩ አባባ የድምፅ ቁልፉ የታጠበበትን ቀን ጽፏል። ከሱ ሥር የኔ ጽሑፍ ነው፤ «ጠቅ» የሚለው ሪሌ የተለወጠ ጊዜ። ሳንዮ የሴሚኮንዳክተር ሥራውን በ2011 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ኦን ሴሚኮንዳክተር ስለሸጠ ያ አይሲ ቢሞት እውነተኛ ምትክ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን እከታተላለሁ፣ ቅባቱን በየጊዜው አድሳለሁ። አሁን ያረጁት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ናቸው፤ አንደኛው አናቱ ማበጥ ጀምሯል። ምትካቸውን የአጎቴ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ሲመጣ ይዞልኝ ይመጣል። ባለ 63 ቮልት ይሁኑ ብዬዋለሁ፤ ከየት እንደተገዙ የሚያሳየውን ደረሰኝም አብሮ እንዲያመጣ።